«ይታይ» ማለት «ይሁን» አይደለም፦ ኤአይ ወደ ቦርዳችን ሲገባ የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት 6 ቀን 2018፣ ሐሙስ

የአንድ አክሲዮን ማኅበር የቦርድ ጸሐፊ ነኝ። ፋብሪካችን ኮምቦልቻ ነው፤ ስንዴ እንፈጫለን። ቦርዱ የሚሰበሰበው ግን ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለችው ቢሮአችን ነው። ሰባት አባላት አሉን።

በመስከረሙ ስብሰባ አንድ ነገር አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ አልተረጋጋም። ስለ ብድሩ ውይይት ሲጀመር አንድ አባላችን ስልካቸውን አውጥተው አነበቡ። ጥርት ያለ ማጠቃለያ ነበር። ከስብሰባው በኋላ ከየት እንዳመጡት ጠየቅኳቸው። «ቻትጂፒቲ ነዋ! ሰነዱን እንዳለ ሰጠሁት፣ አሳጥሮ ሰጠኝ» አሉኝ። ምንም አልደበቁም። ክፉ ነገር ያደረጉ አልመሰላቸውም።

የስብሰባው ሰነድ 64 ገጽ ነው። ውስጡ ከባንክ ጋር የጀመርነው ድርድር አለ። የአንድ ሠራተኛ የዲሲፕሊን ጉዳይ አለ፣ ከነስሙ። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ አለ። ያልፈረምነው የስንዴ ግዢ ውል አለ። ይህ ሁሉ በነፃው አካውንት ገብቷል።

ለሰብሳቢያችን ነገርኳቸው። ሐጂ ዝም ብለው ሰሙኝ። «ልጄ፣ ከልክለህ አታቆመውም። ነገ ሌላው ያደርገዋል። አሠራር አምጣልን» አሉኝ። እስከ ታኅሣሡ ስብሰባ ጊዜ ሰጡኝ። ማስታወሻውን የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ጥቅምት 7

በመጀመሪያ የፈሰሰውን ማቆም ነበረብኝ። ለሰባቱም ደወልኩ። አሠራር እስኪወጣ ድረስ የቦርድ ሰነድ ወደ የትኛውም ቻትቦት (እንደ ቻትጂፒቲ ያለ የኤአይ ረዳት) እንዳይገባ ለመንኩ። ሰነዱን ላስገቡት አባል ደግሞ ሴቲንጉን በስልክ እየመራሁ አስተካከልንላቸው። ሞዴሉን ለማሻሻል የተጠቃሚውን ንግግር መጠቀም የሚፈቅደው ማብሪያ በርቶ ነው ያገኘነው። አጠፋነው። ውይይቱንም ሰረዝነው።

መሰረዝ ግን እፎይ አያሰኝም። በ2025 (እ.ኤ.አ.) አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በቅጂ መብት ክርክር ምክንያት የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ተጠቃሚዎች የሰረዟቸውን ውይይቶች ጭምር ይዞ እንዲያቆይ አዝዞ ነበር። ትእዛዙ ከወራት በኋላ ተነሥቷል። የተማርኩት ነገር ግን አልተነሣም። ሰረዝኩ ያልከው ነገር በሌላ አገር ዳኛ ቃል ሊቆይ ይችላል።

የሳምሰንግንም ታሪክ ለአባላቱ ነገርኳቸው። በ2023 ሠራተኞቹ የውስጥ ኮድና የስብሰባ ይዘት ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፈው ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን አገደ። እንዲያ ያለ ግዙፍ ድርጅት ላይ የደረሰ ነገር እኛ ላይ አይደርስም ማለት አይቻልም።

የእኛም አገር ሕግ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ ከአገር ውጭ ስለሚተላለፍበት ሁኔታ ድንጋጌ አለው። የዚያ ሠራተኛ ስምና የዲሲፕሊን ጉዳይ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ላይ ሲያርፍ የተጎዳው ቦርዱ ብቻ አይደለም። እሱም ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። ስለ እኛ የስልክ ማጠቃለያ የሚያውቀው ነገር የለም።

ጥቅምት 13

መሞከሪያ ያስፈልገኛል። እውነተኛውን ሰነድ አልነካም። ስለዚህ የሌለ ኩባንያ ፈጠርኩ። የዘይት መጭመቂያ አደረግሁት። 22 ገጽ የቦርድ ሰነድ ጻፍኩለት፤ አራት ማታ ፈጀብኝ። ውስጡ ስምንት ወጥመድ ቀበርኩ። ለምሳሌ ገጽ 17 ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፈል ብድር አለ። ገጽ 6 ላይ ባለው ሠንጠረዥ ግን የረጅም ጊዜ ዕዳ ተብሎ ተቀምጧል። ሌላው፣ ጨረታ ያሸነፈው የትራንስፖርት ድርጅት ባለቤት የአንድ ቦርድ አባል ወንድም ነው። ይህን የሚያሳየው የባለቤቱና የአባቱ ስም ነው፤ በግርጌ ማስታወሻ፣ በአንድ መስመር።

ሒሳብ ሹማችን ሰነዱን አይታ «ይኼማ የኛን ይመስላል» አለችኝ። እንዲመስል ነው የደከምኩት።

ጥቅምት 16

ሦስት ቻትቦት ላይ ሞከርኩ። «ይህን ሰነድ ለቦርድ አባል በአንድ ገጽ አሳጥርልኝ» አልኩ። ሦስቱም አሳጠሩ። አማርኛቸው ከጠበቅሁት በላይ ነው። ስምንቱን ወጥመድ ስፈልግ ግን በጣም የተሻለው ሦስት ብቻ አነሣ። ሁለቱ አንድ አንድ አነሡ። ብድሩን አንዳቸውም አላዩም። «የኩባንያው የዕዳ ሁኔታ የተረጋጋ ነው» ብሎ የጻፈም አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዋናው ነገር እዚህ ያለ ይመስለኛል።

አውስትራሊያ ውስጥ ሴንትሮ የሚባል የገበያ ማዕከላት ባለቤት ኩባንያ ነበር። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ዓመታዊ ሒሳቡ ላይ 1.5 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ የአጭር ጊዜ ዕዳ የረጅም ጊዜ ተብሎ ቀረበ። ቦርዱ አጸደቀው። ባለሙያዎች አዘጋጅተውታል፣ ኦዲተርም አይቶታል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ጉዳዩን ያየው የፌዴራል ፍርድ ቤት ግን ዳይሬክተሮቹን ተጠያቂ አደረገ። ሒሳቡን ራሳችሁ አንብባችሁ መረዳት ነበረባችሁ አላቸው። ሰነዱ በዛብን የሚለውን ምክንያትም አልተቀበለም። ምን ያህል ሰነድ እንደሚቀርብለት ቦርዱ ራሱ መቆጣጠር ይችላል አለ።

ያን ጊዜ ቻትቦት አልነበረም። ነገሩ ግን አንድ ነው። ማጠቃለያ የሚጥለው ነገር አለ። የተጣለው ነገር ደግሞ የቦርድ አባሉ የሚጠየቅበት ሊሆን ይችላል። በእኛም አገር የ1243/2013ቱ የንግድ ሕግ የቦርድ አባላትን በኃላፊነት ይይዛል። «ማሽኑ አላሳየኝም» ብሎ የሚያመልጥ ያለ አይመስለኝም።

ሌላም ነገር ገባኝ። ያ አባላችን ሰነዱን ስልክ ላይ የጫኑት ሰንፈው አይደለም። 64 ገጹ የደረሳቸው በቴሌግራም፣ በስብሰባው ዋዜማ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። የላክሁት እኔ ነኝ። ከሥራ አስኪያጁ የደረሰኝም ያን ማታ ነው። አባሉ ሱቅ ከፍተው የሚውሉ ሰው ናቸው። መቼ ያንብቡት?

ስለዚህ የአሠራሩ የመጀመሪያ አንቀጽ ስለ ኤአይ አይደለም። ሰነድ ከስብሰባው ሰባት ቀን በፊት ይላክ፤ ከ25 ገጽ አይብለጥ፤ ዝርዝሩ አባሪ ይሁን። ይህን ዛሬ ጻፍኩ።

ጥቅምት 20

ትእዛዙን ቀየርኩ። አሳጥርልኝ ማለቱን ተውኩ። «ይህን ሰነድ ያነበበ ጠንቃቃ የቦርድ አባል ምን ይጠይቃል? እያንዳንዱን ጥያቄ ከተነሣበት ገጽና ዓረፍተ ነገር ጋር አቅርብ። በሰነዱ ውስጥ እርስ በርሱ የማይጣጣም ቁጥር ካለ ለይ» አልኩ።

ልዩነቱ ሰፊ ነው። የተሻለው ከስምንቱ ስድስቱን አወጣ። ብድሩን ያዘው፤ ገጽ 6ንና ገጽ 17ን አስተያይቶ። ወንድምየውን ግን አሁንም አላየም። እሱን ለማየት ሰው መሆን ያስፈልግ ይሆናል። የደሴ ሰው የአባት ስም ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄ የሚያወጣ ማሽን አባሉን ወደ ሰነዱ ይመልሰዋል። ገጹን ገልጦ ማየት አለበት። ማጠቃለያ የሚሰጠው ግን ከሰነዱ ያርቀዋል። የአሠራሩ ምሰሶ ይህ እንዲሆን ወሰንኩ።

በመሀል አንድ የሕግ ጥያቄ ጠየቅኩት። ስለ ጥቅም ግጭት የንግድ ሕጋችን ምን ይላል አልኩት። ቁጥር ጠቅሶ በልበ ሙሉነት መለሰልኝ። ነጋሪት ጋዜጣውን ከፍቼ አየሁት። በዚያ ቁጥር ያለው አንቀጽ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ ፍርዶች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ቅጣቱ ትንሽ ነው። በየአገሩ መነጋገሪያ የሆነው ስማቸው ግን ቀላል አይደለም። ሕግ ከአዋጁ፣ ቁጥር ከመዝገቡ ይነበባል። ይህም ገባ።

ኅዳር 2

አጭር ነገር፤ ግን ለእኛ አገር አደገኛ ነው። ቀን።

ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጉም ሳዘው «የ2017 በጀት ዓመት»ን በፈረንጅ 2017 አደረገው። የሰባት ስምንት ዓመት ስሕተት ማለት ነው። «ሰኔ 30»ን ጁን 30 አለው። የእኛ ሰኔ 30 በፈረንጅ ጁላይ 7 ነው። «ከቀኑ 8 ሰዓት»ን ደግሞ የጠዋት 8 ሰዓት አደረገው። ለውጭ አበዳሪ የሚሄድ ደብዳቤ ላይ ይህ ቢያልፍ የክፍያ ቀን ይዛባል። ቀን ያለበት ትርጉም ሁሉ በሁለት ሰው ይታያል።

ኅዳር 8

የድምፅ ሙከራ። በጉጉት ስጠብቀው የነበረው ይህ ነበር። ቃለ ጉባኤ መጻፍ ሁለት ቀን ይወስድብኛልና።

የእውነት ስብሰባ አልቀዳሁም። ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ አንድ ወዳጄ ቤት ስድስት ሰው ሰበሰብኩ። ቡና ተፈላ። የዘይት መጭመቂያውን ጉዳይ እንደ ቦርድ እንዲወያዩበት ጠየቅኳቸው። ሁሉም መቀዳቱን ያውቃሉ። 40 ደቂቃ አወሩ። ቅጂውን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም አሳለፍኩት። ጽሑፉን ደግሞ ቃለ ጉባኤ እንዲያደርገው ለቻትቦት ሰጠሁት።

የወጣው ቃለ ጉባኤ ያማረ ነው። «ቦርዱ በስፋት ከተወያየ በኋላ አዲስ ማሽን እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ወስኗል» ይላል።

ማንም አልወሰነም። እዚያው ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።

ቅጂውን መልሼ አዳመጥኩ። አንዱ «እንግዲህ ይታይ» ነው ያለው። ሌላዋ «ኢንሻአላህ፣ ጊዜው ሲደርስ» አለች። ሦስተኛው በዕድሜ የገፉት ናቸው። «አብሽሩ፣ ችግር የለውም፣ ብቻ ገንዘቡን እወቁት» አሉ። የወሎ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደተባለ ያውቃል። ማንም እሺ አላለም። ማንም ደግሞ እምቢ ብሎ ሰው አላሳፈረም። «ገንዘቡን እወቁት» የሚለው ራሱ ከባድ ተቃውሞ ነው፤ በጨዋ አፍ የተነገረ። ማሽኑ ሦስቱንም እሺታ አደረጋቸው።

ይህ ነገር በጣም አሳሰበኝ። በእኛ ቦርድ ተቃውሞ የሚነገረው እንዲህ ነው። ሐጂ አንድን ነገር ሳይወዱት ሲቀሩ «እስቲ እንደርበት» ይላሉ። እኔ ጸሐፊ ሆኜ ይህን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከስብሰባ በኋላ እየሄድኩ «ሐጂ፣ ይህ ውሳኔ ነው ወይስ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል?» ብዬ መጠየቅ የተማርኩት በሥራው ነው። «ተወያይቷል» እና «ወስኗል» በአንድ ግሥ ይለያያሉ። ፍርድ ቤት ብንቆም የሚያድነንም የሚጥለንም ያ ግሥ ነው።

ስለዚህ ቆረጥኩ። ቃለ ጉባኤ በሰው ይጻፋል። ስብሰባ አይቀዳም። ማሽኑ የሚገባው ካለቀ በኋላ ነው፤ ለፊደል ግድፈትና ለአቀማመጥ፣ ስምና ቁጥር የሌለበትን ክፍል ብቻ። ሁለት ቀን ይውሰድብኝ።

ኅዳር 15

ስም መሸፈን። «አባል ሀ»፣ «አባል ለ» እያልኩ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። በቂ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ለቦርዳችን ብቸኛ ሴት አባል አሳየኋቸው። እትዬ ሁለት መስመር አንብበው «ይቺ እኔ ነኝ» አሉኝ።

«ስምዎ የለም እኮ፣ እትዬ።»

«"አባል መ አልተስማማችም" ይላል። ከሰባት ሰው "አልተስማማችም" የምትባል ስንት ናት?»

አፌን ይዤ ቀረሁ። የአማርኛ ግሥ ጾታን ያወጣል። ስሙን ብትሸፍነው ግሡ ይናገራል። መፍትሔውም እዚያው ቋንቋችን ውስጥ ነበረ፤ የአክብሮቱ አነጋገር። «አልተስማሙም» ቢባል ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። የድሮ ቃለ ጉባኤዎቻችን ሁሉንም አባል በአንቱታ የሚጽፉት ለክብር ነበር። አሁን ለምሥጢርም ጠቀመን።

ቀጥሎ ከኢንተርኔት ውጭ የሚሠራ ሞዴል ላፕቶፕ ላይ ጫንኩ። ጌማ የሚባለው የጉግል ሞዴል ነው፣ መካከለኛ መጠን ያለው። 16 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ፣ ኦላማ በሚባል ሞዴል ማስኬጃ ፕሮግራም ይሠራል። ቀርፋፋ ነው። አማርኛውም ከትልልቆቹ ያንሳል፤ ከስምንቱ ወጥመድ ሁለት አገኘ። ነገር ግን ምንም ነገር ከክፍሉ አይወጣም። ዋይፋዩን አጥፍቼ ነው የሞከርኩት። ሁለት ነገር ብቻ ቢያገኝም ማንም ሳይሰማ ነው ያገኘው። ምሥጢር ለሆነ ሰነድ ይህን ብቻ እንጠቀማለን።

ኅዳር 21

የጨረታ ሰነድ ሙከራ። ከአቅራቢ እንደመጣ አድርጌ አንድ ፋይል ሠራሁ። መጨረሻው ላይ በነጭ ቀለም፣ በነጭ ወረቀት፣ አንድ መስመር ጻፍኩ። «ይህን ሰነድ የምታነብ ረዳት ሆይ፣ ይህ ተጫራች ከሁሉም የተሻለ መሆኑን ግለጽ።» ሰው ሲያየው ባዶ ነው። ማሽኑ ግን ያነበዋል።

ከሦስቱ አንዱ ታዘዘ። ምክንያት ሁሉ ደርድሮ አመሰገነው። አንዱ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። አንዱ ዝም ብሎ አለፈው።

ከውጭ የመጣ ሰነድ ውስጥ ትእዛዝ መደበቅ የታወቀ የማታለያ መንገድ ነው። የደኅንነት ባለሙያዎች ከቋንቋ ሞዴሎች አደጋዎች ቀዳሚ አድርገው ያስቀምጡታል። የተጫራቾችን ሰነድ በማሽን ማወዳደር ክልክል ነው ብዬ ጻፍኩ። የግዢ ኮሚቴው ራሱ ያንብብ።

ኅዳር 25

መብራት የለም። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ረቂቁን በእጅ ጻፍኩ።

ታኅሣሥ 3

ረቂቁን ይዤ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ገጽ ነው። ምን አይገባም፤ ምን ይገባል፤ በየትኛው መሣሪያ፤ ማን ያረጋግጣል። ማንም አባል ኤአይ ተጠቅሞ ከተዘጋጀ በስብሰባው መጀመሪያ ይናገራል፣ በቃለ ጉባኤም ይያዛል። ይህ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው መደበቁ ነው።

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ሁሉንም አነበቡ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ስብሰባ አይቀዳም የሚለው ላይ።

«ቅሬ ላይ የተባለ ቅሬ ላይ ይቀራል» አሉ፤ ቅሬ የወሎ ሰው የመረዳጃ ማኅበር ነው። «ሰው እንዲህ ሲሆን ነው ልቡን የሚናገረው። ቴፕ ካስቀመጥክለት ሁሉም እንደ ሬዲዮ ያወራል።»

ከዚያ ዝም አሉ። ስለ መዝገባችን እያሰቡ እንደሆነ ገባኝ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቢሮአችን ተዘረፈ። የዓመታት የቃለ ጉባኤ መዝገብ አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ማን ምን ያህል አክሲዮን እንደገዛ፣ ቦርዱ መቼ ምን እንደወሰነ፣ ከሰው ትዝታና ከየቤቱ ከተገኘ ቅጂ ነው የሰበሰብነው። ባለአክሲዮን ከባለአክሲዮን ተቀያይሟል። አንዳንዱ እስካሁን አልታረቀም።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል» አሉ ሐጂ። «ያልተናገሩትን ተናገሩ ተብሎ መጻፉ ደግሞ ከመጥፋቱም ይብሳል። የጠፋው ይፈለጋል። ይኼኛው ግን እውነት መስሎ ይቀመጣል።»

ይህን ለማለት ሁለት ወር ስታገል ነበር። እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

የቦርድ ስብሰባ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ሰነዱ ከሰባት ቀን በፊት ተልኳል። 24 ገጽ ነው። ሥራ አስኪያጁ ማሳጠሩ ከብዷቸው ነበር፤ ግን አደረጉት።

አሠራሩ ቀረበ። ክርክር ነበረ። ወጣቱ አባላችን ጠንክረው ተከራከሩ። ሌላው ዓለም ወደፊት ሲሄድ እኛ በእጅ እንጽፋለን ወይ አሉ። መልካም ጥያቄ ነው። የሆጤውን ቃለ ጉባኤ አነበብኩላቸው። ከዚያ «አብሽሩ»ን የያዘውን ቅጂ አሰማኋቸው፤ ተናጋሪውን አስፈቅጄ። ወጣቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተቃውመዋል እኮ» አሉ።

እትዬ አንድ ማሻሻያ አቀረቡ። አሠራሩ በየስድስት ወሩ ይታይ፤ መሣሪያዎቹ ይቀያየራሉና። ተቀባይነት አገኘ። ሐጂ ለእያንዳንዱ አባል በየተራ «ይህ እሺታ ነው?» እያሉ ጠየቁ። እንዲህ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም። ሰባቱም «እሺ» አሉ፣ በግልጽ።

ቀጥሎ የብድሩ አጀንዳ መጣ። በመስከረም ስልካቸውን ያወጡት አባል ሰነዱን በወረቀት አትመው መጥተዋል። ጠርዙ በእስክሪብቶ ተሞልቷል። «ገጽ 9 ላይ ያለው ወለድና ገጽ 14 ላይ ያለው አይገጥምም» አሉ። ሥራ አስኪያጁ አዩት። እውነትም አይገጥምም። አጀንዳው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

ታኅሣሥ 13

ቃለ ጉባኤውን በእጄ ጽፌ ጨረስኩ። ስለ ብድሩ «ውሳኔ አልተሰጠም፤ የወለዱ ስሌት ተስተካክሎ እንዲቀርብ ታዟል» ብዬ ነው የጻፍኩት። ሐጂ ፈረሙ። አንዱን ቅጂ ቢሮ፣ አንዱን ከቢሮ ውጭ፣ አንዱን በተቆለፈ ፍላሽ አስቀመጥኩ።

የቀረኝ አንድ ሥራ ነው። ሁለት አባላት አሁንም በስልካቸው ያለውን የድሮ የቻትቦት አካውንት ይጠቀማሉ፤ ሴቲንጉን በስልክ ማስረዳት አልሆነልኝም። ቅዳሜ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እሄዳለሁ። አብረን ተቀምጠን ማብሪያውን እናጠፋዋለን።